የኮትህ ኪስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ላወራህ ሞክሬ ነበር። ግን ወሬው ወደ ስኳር ሲጠጋ ኔትወርኩ መቆራረጥ ይጀምራል። ስለ ኳስ ስናወራ ደግሞ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ፤ ወረቀት አይቆራረጥም።

ባለፈው እሁድ ኮትህን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ ከረሜላ አገኘሁ። 4 ያልተላጠ፣ 11 ባዶ ወረቀት። አዎ፣ ቆጠርኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከወንጂ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸንኮራውን በመስኮት እያየሁ ስሄድ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ውሸት አትውደዱ ብሎ ያሳደገን ሰው እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ከረሜላ የሚደብቀው ለምንድን ነው? እኛ ስላስደበቅነው ነው። ሐኪሙ "ስኳር አለብዎት" ካለህ ቀን ጀምሮ እንግዳ ፊት የስኳሩን ዕቃ ከእጅህ እንነጥቃለን። ባለፈው ፋሲካ ወንድሜ ያደረገውን አልረሳሁትም፤ አንተም አልረሳኸውም። ለእሱም ለእኔም ይቅር በለን።

ደግሞስ ለአንተ ስኳር ምን እንደሆነ መች አጣነው? ሆላንዶቹ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምሩ አያቴ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። አንተ እዚያው አድገህ፣ እዚያው ተቀጥረህ፣ እዚያው ጡረታ ወጣህ። እርሻው ሲቃጠል ጥላሸቱ እየበረረ እማዬ ባሰጣችው ነጠላ ላይ ያርፍ ነበር፤ እሷ ስትራገም ደግሞ አንተ "እሱ ነው የሚያበላን" ትላት ነበር። (ጥርሳችን የጠቆረው ግን በውሃው ፍሎራይድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ "ሸንኮራ አብዝተሽ ነው" ይሉኛል።) ደሞዝህ ስኳር፣ ለበዓል የምታመጣልን ስኳር፣ አሁን ደግሞ በሽታህም ስኳር። ሌላ ስም እንኳ አላወጣንለትም።

ስለዚህ "ተወው" አልልህም። ሂሳቡን ብቻ አብረን እንይ፤ ሂሳብ ትወዳለህ።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ነው። አንተ በአንድ ስኒ ሦስት ታደርጋለህ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ዘጠኝ ማንኪያ፣ 36 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ወደ 25 ዝቅ እንዲል ይመክራል። ከሰዓት ቡናው ሲደገም 72 ይደርሳል። ከረሜላው ገና አልተቆጠረም። ማሩም አልተቆጠረም። "ማር የንብ ነው" እያልክ ታመልጣለህ፤ ደምህ ውስጥ ሲገባ ግን ንብ ሠራው ፋብሪካ ሠራው ልዩነቱ ትንሽ ነው።

በአንዴ ባዶ ቡና ጠጣ ብልህ ሲኒውን ትወረውርብኛለህ። ከሦስቱ ማንኪያ ላይ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ቀንስ። በሳምንቱ ሌላ ግማሽ። ምላስ ይለምዳል። እኔ አሁን በግማሽ ማንኪያ ነው የምጠጣው፤ የድሮዬን ሰው ሲሰጠኝ ሽሮፕ ሽሮፕ ይለኛል። ጤና አዳም ጣል ብታደርግበት ደግሞ ስኳሩን አትፈልገውም። እማዬ ወሎ ልጅ ሳለች ቡና በጨው ነበር የሚጠጣው ትል አልነበር? (ጨው ግን አትሞክር። ለደም ግፊትህ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ አልፈልግም።)

አሁን ወደ ማታው ልምጣ።

ጎረቤት የነገረችኝን ልንገርህ፤ እንዳትቆጣት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራትህ ይበራል፣ ቁምሳጥኑ ይንቋቋል አለችኝ። ሦስት ሰዓት አንተና እማዬ ሻይ የምትጠጡበት ሰዓት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ሻዩ ቀረ፣ ሰዓቱ ግን አልቀረም። አባዬ፣ አምሮቱ የምላስ ብቻ አይመስለኝም። እኔም ቢሮ አሥር ሰዓት ሲሆን ኬክ ኬክ ይለኛል፤ አለቃዬ የተቆጣኝ ቀን ደግሞ ይብስብኛል። የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ አምሮት እንደ እንግዳ ነው፣ ካልተጋበዘ ብዙ አይቀመጥም። ሩብ ሰዓት ያህል ሌላ ነገር ስይዝ ብዙ ጊዜ ይሄዳል። አንተም በዚያ ሰዓት ስልክ ደውልልኝ። ልጆቹ ተኝተው ነፃ እሆናለሁ። ሻዩንም አፍላ፤ በቀረፋና በቅርንፉድ፣ ያለ ስኳር። በስልክ አብረን እንጠጣለን።

እራትህንም አጠንክር። 12 ሰዓት ላይ ግማሽ እንጀራ በልተህ ሦስት ሰዓት ቢርብህ አይገርምም። እንጀራውን አሳንሰህ ሽሮውንና ጎመኑን አብዛው። ወጡን ያለ እንጀራ ብላ ብልህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ማመጣጠኑን ነው የምልህ። ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሄደህ ተመለስ። ከምግብ በኋላ ትንሽ መራመድ ስኳሩን ያወርደዋል።

ከዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ያዝ ብትለኝ ግን የሚከተለውን እመርጣለሁ። ጠዋት የምትውጣት የስኳር ኪኒን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ሰውነትህ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያፈስ ትገፋዋለች፤ ብትበላም ባትበላም። በዐቢይ ጾም እሷን ውጠህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ያላበህና እጅህ የተንቀጠቀጠው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ያ አምሮት አይደለም። ያ ስኳርህ ወርዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ጠጣ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስኳርህን ለካ። ከ70 በታች ከሆነ ድገመው። ከፍ ሲል ምግብ ብላ። በዚያን ሰዓት ስኳር መድኃኒትህ ነው፤ ማንም አይነጥቅህም። ከሚቀጥለው ጾም በፊት ግን ለሐኪሙ እንደምትጾም ንገረው፤ የኪኒኑን ሰዓትና መጠን እሱ ያስተካክላል። የነፍስ አባትህንም አማክር። ለሕመምተኛ ምን እንደሚፈቀድ ከእኔ በላይ እሳቸው ያውቃሉ፤ አንተም ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለህ።

ለዚህም ነው አራቱን ከረሜላ ያልጣልኳቸው። ኮቱ ከታጠበ በኋላ ወደ ኪሱ መልሼአቸዋለሁ። መንገድ ላይ ቢወርድብህ ስኳሩን የሚበጠብጥልህ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ያኔ አኝካቸው። የግራው ኪስ ውስጥ ናቸው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የገብስና የሽምብራ ቆሎ አስቆልቻለሁ፤ ሱፍ የለበትም፣ ጥርስህ ውስጥ ይገባል ስላልክ። ኪስህን አልፈትሽም።

የምትወድህ ልጅህ