የአሮጌ መኪና ሰንሩፍ ይጠገን እንጂ በሲሊኮን አይታሸግ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክረምቱ ሲቃረብ በሰሜን ሸዋ ከተሞች፣ በተለይም በደብረ ብርሃን፣ በየጋራዡ የሚታይ አንድ አሠራር አለ። ሰንሩፉ፣ ማለትም በጣሪያው ላይ ያለው የሚከፈት መስታወት፣ አልገጥም ያለ አሮጌ መኪና ይመጣል፤ መስታወቱ በእጅ ተገፍቶ ወደ ቦታው ይጠጋል፤ ከዚያም ዙሪያው በሲሊኮን ወይም በማስቲሽ ይለጠፍና ባለቤቱ ሒሳቡን ከፍሎ ይሸኛል። ይህ ጥገና አለመሆኑን፣ እንዲያውም መኪናውን ከድጡ ወደ ማጡ የሚከት መሆኑን ለማስረዳት ስለፈለግሁ ይህ ደብዳቤ በጋዜጣችሁ ታትሞ ለአንባቢያን እንዲደርስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ብዙ ሰው ዝናቡን የሚከለክለው በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ብቻ ይመስለዋል። የጎሚኒው ሥራ ግን ነፋሱንና አብዛኛውን ውሃ መመለስ ነው፤ አዲስ መኪና ላይ እንኳ ጥቂት ውሃ አልፎት ይገባል፣ መኪናው ሲሠራም ይህ ታስቦበታል። ከመስታወቱ ሥር፣ በጣሪያው ላሜራና በውስጥ ልባሱ መካከል፣ ያለፈውን ውሃ የሚቀበል ቦይ አለ። ከቦዩ ማዕዘናት ቀጫጭን ቱቦዎች ይነሣሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ በያዙት ምሰሶዎች ውስጥ ወርደው በበሩ ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ያፈስሳሉ፣ የኋለኞቹ ደግሞ በኋላ ምሰሶዎች ወርደው በኋላ ጎማው አቅራቢያ ይወጣሉ። እነዚህ ቱቦዎች ክፍት እስከሆኑ ድረስ የጠበበና የደረቀ ጎሚኒ ያለው አሮጌ መኪና እንኳ ወደ ውስጥ አያፈስም። ከተደፈኑ ግን ቦዩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ውሃው የጣሪያውን ጨርቅ ያረጥባል፣ በምሰሶው ውስጥ ወርዶ ክሩስኮቱ ሥር ይገባል፣ ፊውዞቹንና ገመዶቹን ያገኛል፣ በመጨረሻም ምንጣፉ ሥር ተኝቶ ወለሉን ያዝጋል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የፊት መስታወቱ ያፈስሳል ብሎ መስታወቱን ሲያስነቅልና ሲያስተክል ይከርማል።

በሲሊኮን ሲታሸግ የሚሆነውን በገዛ መኪናዬ አይቻለሁ። የቀድሞው ባለቤት ሰንሩፉን ያሳሸገው እኔ ከመግዛቴ በፊት ነበር። የውስጥ ልባሱ ሲወርድ ቦዩ በደረቀ ጭቃ፣ በገብስ ገለባና በባሕር ዛፍ ቅጠል ስባሪ ተሞልቶ ተገኘ፤ በስተቀኝ ያለው የፊት ቱቦ አፍም ከጣሪያው ሥር በፈሰሰና በደረቀ ሲሊኮን እንደ ጠርሙስ ተወትፎ ነበር። ሲሊኮኑ ከላሜራው የለቀቀው በአንድ ጠርዝ ብቻ ቢሆንም ያ ጠርዝ ውሃውን ለማስገባት በቅቶታል፣ የገባው ደግሞ የሚወጣበትም የሚደርቅበትም አላገኘም። መኪና በኮረኮንች ላይ ሲሄድ ጣሪያው ስለሚወዛወዝ እንዲህ ያለው ልጣፍ መልቀቁ አይቀርም። በሚደርቅበት ጊዜ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ደግሞ አሲድ ስለሚያወጣ ቀለሙ የተላጠን ላሜራ ያዝጋል፤ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ሰንሩፉ አልገጥም የሚልባቸው ምክንያቶች ባብዛኛው ቀላል ናቸው። መስታወቱ የሚንሸራተተው በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ሐዲዶች ላይ ሲሆን፣ አንድ ሞተር በሁለት ጥርስ ባላቸው ኬብሎች ሁለቱንም ጎኖች እኩል ይጎትታል። በሐዲዱ ላይ ያለው ግሪስ ከዓመታት በኋላ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ይጠነክራል፤ በዚህ አገር በበጋ በጠጠር መንገድ የሚመላለስ፣ በመኸር ጊዜ አውድማ ዳር የሚቆም መኪና ደግሞ ከሌላው የባሰ አቧራ ይቀበላል። መስታወቱ እንቅፋት ሲያገኘው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ በአንዳንድ መኪኖችም የሰው እጅ እንዳይቆነጠጥ ሲባል በተገጠመው መከላከያ ምክንያት መልሶ ይከፈታል። ይህን ያየ ሰው ሞተሩ ሞቷል ብሎ ይደመድማል። መድኃኒቱ ግን ሐዲዱን በጨርቅና በቀጭን ብሩሽ አጽድቶ፣ አሮጌውን ግሪስ ጠርጎ፣ ለዚሁ የሚሆን ነጭ ግሪስ ወይም የሲሊኮን ግሪስ በስሱ መቀባት ነው። የሞተር ዘይት ማፍሰስ አቧራውን መልሶ ይሰበስባል እንጂ አይጠቅምም።

ሌላው ምክንያት ባትሪው ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ የደከመ ባትሪ ማለዳ አልነሣም ስለሚል ተነቅሎ ቻርጅ መደረጉ የተለመደ ነው። ባትሪው ሲነቀል የአንዳንድ መኪኖች ሰንሩፍ መነሻውንና መድረሻውን ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ድረስ ሄዶ ይቆማል ወይም ለጥቂት ሳይገጥም ይቀራል። በብዙዎቹ መኪኖች የመዝጊያውን ቁልፍ ሳይለቁ ተጭኖ በመያዝ መስታወቱ ቦታውን እንደገና እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል፤ ዝርዝሩ እንደ መኪናው ስለሚለያይ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ያስፈልጋል። ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚስተካከልን ችግር በማስቲሽ መዝጋት በእውነት ያሳዝናል።

መስታወቱ ጠማማ ሆኖ ከቆመ፣ ማለትም አንዱ ጎን ቀድሞ ሌላው ከቀረ፣ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ኬብል ጥርስ ዘሏል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ኬብሉን ይበላዋል። ሞተሩ ተፈትቶ ሁለቱ ጎኖች እኩል ከተደረጉ በኋላ መልሶ መግጠም ይገባል። ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከላሜራው ጋር ካልተስተካከለ ደግሞ በግራና በቀኝ ጠርዙ ያሉትን ብሎኖች ላላ አድርጎ ከፍታውን ማስተካከል ነው፤ የፊት ጠርዙ ከጣሪያው ጋር እኩል ወይም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል፣ የኋላ ጠርዙም እኩል ወይም በዚያው መጠን ከፍ ቢል ነፋስ አይጮህበትም።

በአካባቢያችን ከሌላው አገር ለየት ያለ ጉዳይ አለ። ሸዋ ሮቢት ሞቃት ስለሆነ አሽከርካሪው ሰንሩፉን ከፍቶ ይነዳል፤ ደብረ ሲናን አልፎ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ወዳለው ጣርማበር ሲወጣ ጉምና ብርድ ይቀበለዋል፣ መስታወቱም ያን ጊዜ አልዘጋም ይላል። ለዚህ ጊዜ የሚሆን በእጅ መዝጊያ በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከፊት ወንበሮቹ በላይ፣ በመብራቱ አካባቢ ያለው የፕላስቲክ ክዳን ሲነሣ የሞተሩ ጫፍ ይታያል፣ በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ወይም በካቻቪቴ ቀስ ብሎ እየተዞረ መስታወቱ ይዘጋል። ይህን የሚያውቅ አሽከርካሪ ጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ ጣሪያው ላይ ላስቲክ አያስርም።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የውርጭ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። ሌሊት ውጭ ያደረ መኪና ጎሚኒው ከመስታወቱ ጋር በበረዶ ይጣበቃል፤ በዚያ ሰዓት ቁልፉን መጫን ጎሚኒውን ይቀዳል፣ ፊውዙን ያቃጥላል፣ ወይም የኬብሉን ጥርስ ይጨርሳል። የፈላ ውሃ ማፍሰስም መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ፀሐይ እስኪወጣ መታገሥ ወይም የመኪናውን ሞተር አስነሥቶ የውስጥ ማሞቂያውን ማብራት ይበቃል። በመስከረም ጎሚኒውን አጥቦ የጎማ ሲሊኮን ቅባት መቀባት ደግሞ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። የሰንሩፍ ኬብልና ሞተር ለማግኘት ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ ዕቃ ቢሆንም ደህናው ከሲሊኮን ይሻላል። ስለዚህ ጋራዥ ላላቸው ወገኖቼ ይህን እለምናለሁ፦ ከፍታችሁ ሳታዩ አታሽጉ። ቱቦዎቹንም በኮምፕረሰር አየር አትንፉ፤ ቱቦው ከውስጥ ከመያዣው ይነቀልና ውሃው በቀጥታ ወደ ወንበር ይወርዳል። ጫፉ የለዘበ የብስክሌት ፍሬን ካቦ ወይም ወፈር ያለ የናይሎን ክር ቀስ ብሎ ማስገባት ይበቃል። በአውቶሞቲቭ ሙያ የሚያሠለጥኑ ኮሌጆቻችንም ስለ ሞተርና ስለ ፍሬን የሚሰጡትን ትምህርት ያህል ባይሆን እንኳ ስለ መኪና አካል ውሃ ማስተላለፊያ ለተማሪዎቻቸው በተግባር ቢያሳዩልን መልካም ነው።

ባለ መኪኖችም መኪናችሁን ከጋራዥ ከመረከባችሁ በፊት ሰንሩፉን አስከፍታችሁ በቦዩ በእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ውሃው ከመኪናው ሥር በአራቱም በኩል ሲንጠባጠብ ሳታዩ ሒሳብ አትክፈሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ