የማኅበራዊ ጥናት ክበብ ዘገባ፦ መገናኘት ብቻውን ይበቃልን?

የማኅበራዊ ጥናት ክበብ በዚህ የትምህርት ዘመን የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እርሱም በማኅበራዊ ቡድኖች መካከል የሚታየው ጭፍን አመለካከት በምን መንገድ ሊቀንስ እንደሚችል በጥናት የተገኘውን ማስረጃ መመርመር ነው። ጥያቄው የመጣው ከአባላቱ ነው። በየዓመቱ የሚዘጋጀው የአንድ ቀን የትውውቅ ዝግጅት ካለቀ በኋላ ተማሪዎች ወደየለመዱት ስብስብ እንደሚመለሱ አስተውለው፣ ዝግጅቱ ለውጥ ማምጣቱ በምን እንደሚታወቅ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪዎች አንደበት መስማት ለአንድ የክበብ ኃላፊ ትልቅ ደስታ ነው። (በዘገባው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንባባችንን የጀመርነው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ባቀረቡት ሐሳብ ነው። ኦልፖርት እንዳስረዱት፣ የተለያዩ ቡድኖች አባላት መገናኘታቸው ጭፍን አመለካከትን የሚቀንሰው በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ ለግቡ ሲተባበሩና ግንኙነታቸው በሕግ፣ በልማድ ወይም በኃላፊዎች ሲደገፍ ነው። አባላቱ እነዚህን አራት ሁኔታዎች ይዘው የትውውቁን ቀን መርሐ ግብር ሲመዝኑት፣ የመጨረሻው ብቻ ተሟልቶ አገኙት፤ ንግግር የሚያደርጉ ኃላፊዎች ነበሩ፣ ተማሪዎቹ ግን አብረው የሚሠሩት ምንም ሥራ አልነበረም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን በዚያው በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ሮበርስ ኬቭ በተባለ ስፍራ ያካሄዱት ጥናት ነው። ቀድሞ የማይተዋወቁ፣ በአስተዳደግም የሚመሳሰሉ 22 ልጆች በበጋ የመዝናኛ ሰፈር ለሁለት ተከፈሉ። በመጀመሪያ አንዱ ቡድን ከሌላው ተለይቶ ቆየ፤ ቀጥሎ በገመድ ጉተታና በሌሎች ጨዋታዎች ሽልማት ለማግኘት እንዲፎካከሩ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ስድብ፣ ባንዲራ ማቃጠልና አንዱ የሌላውን ማደሪያ መውረር ተከተለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለጥያቄያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ልጆቹ አብረው እንዲመገቡና ፊልም እንዲያዩ ቢደረግም ጠቡ አልበረደም፤ እንዲያውም የምግቡ ሰዓት መወራወሪያ ሆነ። የተለወጡት የሰፈሩ ውኃ ሲቋረጥና ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሣ ሲል፣ ማለትም አንዱ ቡድን ብቻውን የማይወጣው ችግር ሲገጥማቸው ነው። መኪናውን በአንድነት የሳቡት ቀድሞ በተፎካከሩበት በዚያው ገመድ ነበር።

በዚህ ንባብ ላይ የተነሣው ክርክር ከጥናቱ ውጤት አልፎ ሄደ። ልጆቹ እየተጠኑ መሆናቸውን አያውቁም ነበር፤ ጠቡንም የቀሰቀሱት አጥኚዎቹ ናቸው። በርካታ አባላት እንዲህ ያለ ጥናት ዛሬ ሊፈቀድ እንደማይገባ ተከራክረዋል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። ክበቡ በራሱ ሥራ ላይ ማንም ሳያውቅና ሳይፈቅድ እንዳይጠና የሚል ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሄንሪ ታጅፌል በ1970 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ፉክክር ባይኖርም እንኳ አድልዎ እንደሚፈጠር አሳይቶናል። በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ የሚማሩ ወንድ ልጆች እጅግ ቀላል በሆነ ምክንያት፣ ለምሳሌ በስክሪን ላይ የታዩ ነጥቦችን አብዝተው ወይም አሳንሰው ገምተዋል ተብለው፣ በሁለት ተከፈሉ፤ ምደባው ግን በእውነቱ በዕጣ የተደረገ ነበር። ማንነታቸውን ለማያውቋቸው ልጆች ገንዘብ እንዲያካፍሉ ሲጠየቁ፣ ለየራሳቸው ቡድን አደሉ። በሌላኛው ቡድን ላይ ብልጫ ለማግኘት ሲሉ የራሳቸው ቡድን ሊያገኝ ከሚችለው ላይ የቀነሱም ነበሩ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ቅርብ ጊዜ ጥናቶች ተሻገርን። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ፣ በቡድኖች መካከል ግንኙነት በበዛ ቁጥር ጭፍን አመለካከት አነስተኛ ሆኖ እንደሚገኝ ደረሱበት። ሆኖም አንዲት አባል እንዳነሣችው፣ ቀድሞውኑ ጥላቻ የሌለው ሰው ነው ከሌሎች ጋር መገናኘትን የሚመርጠው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ይህን የሚፈታው ሰዎችን በዕጣ መድቦ ውጤቱን ማነጻጸር ስለሆነ፣ እንዲህ የተሠሩ ሁለት ጥናቶችን መርጠን አነበብን።

የመጀመሪያው በ2018 የታተመው የአሌክሳንድራ ስካኮና የሻና ዋረን ጥናት ነው። በናይጄሪያ ካዱና ከተማ ክርስቲያንና ሙስሊም ወጣቶች ለ16 ሳምንታት የኮምፒዩተር ሥልጠና ሲሰጣቸው፣ ከፊሎቹ በተቀላቀለ ክፍል፣ ሌሎቹ ከየራሳቸው እምነት ተከታዮች ጋር ብቻ ተመደቡ። በተቀላቀለው ክፍል የተማሩት አመለካከታቸው ጉልህ ለውጥ ባያሳይም፣ ለሌላው ወገን አባል ሲያካፍሉ የሚያሳዩት አድልዎ ቀነሰ። ሁለተኛው ሳልማ ሙሳ በኢራቅ ያካሄዱትና በ2020 የታተመው ነው። በጦርነት በተፈናቀሉ ክርስቲያኖች የእግር ኳስ ቡድኖች ውስጥ በዕጣ ለአንዳንዶቹ ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩላቸው። ከሙስሊሞች ጋር የተጫወቱት በቀጣዩ ዓመት ውድድርም በተቀላቀለ ቡድን ለመጫወት ይበልጥ ፈቃደኞች ሆኑ፤ ከወራት በኋላም አብረው ልምምድ ሲያደርጉ ተገኙ። ከሜዳው ውጭ ግን፣ ሙስሊሞች ወደሚበዙባት ሞሱል ሄዶ ምግብ ቤት መግባትን በመሳሰሉ ጉዳዮች፣ ለውጡ ያን ያህል አልታየም። የምናውቀውን ሰው ማክበር ለማናውቀው ወገኑም የሚተርፈው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ የዓመቱን ቀሪ ስብሰባዎች በሙሉ ያዘ፤ በእኔ እምነት ከዚህ መስክ ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው።

ከንባቡ ጎን ለጎን ክበቡ አንድ ተግባራዊ ሥራ ሠርቷል። ኤሊዮት አሮንሰንና ተማሪዎቻቸው በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን፣ የጥቁርና የነጭ ልጆች ትምህርት ቤቶች በተቀላቀሉበት ወቅት፣ አንድን ትምህርት ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ክፍል የሚሰጥ ዘዴ ፈጥረው ነበር። ፈተናው ሁሉንም ክፍል ስለሚያካትት ማንም ያለ ሌላው ሊያልፍ አይችልም። እኛም በአንድ ክፍል የታሪክ ትምህርት፣ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የተዛወሩ ተማሪዎችን ከነባሮቹ ጋር ቀላቅለን በዚሁ ዘዴ ሠራን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ነባር ተማሪዎች የሌሎችን ወረቀት ወስደው ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ፤ እኩል ደረጃ በቃል ስለታወጀ ብቻ እንደማይገኝ አባላቱ ያዩት እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ከባለቤቱ እጅ እንዳይወጣ፣ ሌሎች ጥያቄ ብቻ እንዲያቀርቡ ከተወሰነ በኋላ አዲሶቹ ተማሪዎች ይደመጡ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ለሌላ ትምህርት የቡድን ሥራ ጓደኞቻቸውን ራሳቸው ሲመርጡ፣ ቀደም ሲል በቡድናቸው የነበሩትን አዲስ ገቢዎች የጨመሩ ነባር ተማሪዎች ታይተዋል። ይሁንና ማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ክፍል ስላልነበረ፣ አባላቱ ይህን የዘዴው ውጤት ነው ብለው ከመጻፍ ተቆጥበዋል፤ ውሳኔው ከእኔ ሳይሆን ከእነርሱ የመጣ በመሆኑ ኮርቼባቸዋለሁ።

ቤትሲ ሌቪ ፓሉክና ባልደረቦቻቸው በ2021 ባወጡት ግምገማ 418 ሙከራዎችን መርምረው፣ አብዛኞቹ አጭርና ቀላል እንደሆኑ፣ ለውጡ መቆየቱንም የሚከታተሉት ጥቂቶች እንደሆኑ አስታውቀዋል። ስለዚህ የመጪው ዓመት ዕቅድ የተነደፈው ይህን ክፍተት በማሰብ ነው። ሁለት ክፍሎች በዕጣ ተለይተው አንደኛው በተከፋፈለ ትምህርት፣ ሌላው በተለመደው መንገድ ይማራሉ፤ የጓደኛ ምርጫቸውም በሥራው መጀመሪያ፣ በመጨረሻውና ከሦስት ወር በኋላ ስም ሳይጠቀስ ይመዘገባል። ምርጫው አብረዋቸው የተማሩትን ብቻ ሳይሆን በሌላ ክፍል የሚገኙ አዲስ ገቢ ተማሪዎችንም እንዲያካትት ተወስኗል። የሁለቱም ክፍሎች መምህራን ተስማምተዋል፤ የተማሪዎችና የወላጆች የፈቃድ ቅጽም ተዘጋጅቶ ለአዲሱ የክበቡ ኮሚቴ ተላልፏል።