እናቴ ላይ ስለተፈጸመ የአድሬናሊን አሰጣጥ ስህተት የቀረበ ቅሬታ

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የጽሑፍ መልስና የካርድ እርማት ስለመጠየቅ

እናቴ ለሳንባ ምች የታዘዘላትን ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ የተወጋችው እናንተ ጋ ነው። መርፌው ተሰጥቶ ሳያልቅ መዳፏን አሳከካት፤ ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፣ ድምጿ ተዘጋ፣ «ትንፋሽ አጠረኝ» አለች። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሪአክሽን (ከባድ አለርጂ) እንደሚያስነሳ አውቃለሁ፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው።

በቅድሚያ የተሰጣት ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ነበር። «ያበርድላታል፣ ትንሽ ጠብቁ» ተባልን። ዴክሳሜታዞን እስኪሠራ ሰዓታት ይወስዳል፤ የሚዘጋ ጉሮሮ ግን ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ሆኖ ሳለ ፋርማሲው ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቁልፉን የያዘችው ልጅ ምሳ ወጥታ ነበር።

ሲገኝ ደግሞ የባሰ መጣ። ባለሙያው የአምፑሉን (የመድኃኒቱን ብልቃጥ) አንገት ሰብሮ፣ ያለውን 1 ሚሊ ግራም በሙሉ፣ ሳያቀጥን፣ ክንዷ ላይ ደም ሥሯ ውስጥ በተሰካው ካኑላ (ቀጭን ቱቦ) ገፋው። እናቴ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ «ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው» ብላ ጮኸች፤ ልቧ ሲዘል በቀሚሷ ላይ ይታይ ነበር። በኋላ ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም እንዳስረዳችን፣ ለአዋቂ የሚሰጠው 0.5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የአምፑሉ ግማሽ ነው፤ የሚወጋውም የጭን ውጪያዊ ጎን ጡንቻ ላይ ነው። ካልተሻላት ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር የሚሰጠው ልቡ ለቆመ ሰው ነው። ልቡ እየመታ ላለ ሰው ግን የደም ግፊትን በአንዴ አንሮ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል።

ትንፋሿ ሲመለስ «አሁን ደህና ናት፣ ውሰዷት» አላችሁን። ሪአክሽኑ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ እንደሚችል የነገረን የለም። በባጃጅ ሆስፒታል ያደረስናት በራሳችን ፍርሃት ነው፤ እዚያም አሳድረው ተከታተሏት።

ባለሙያው እንዲባረር አልጠይቅም። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ አስቀድሞ ያሠለጠነው እንደሌለ ያስታውቃል። ከሁሉ በላይ የምፈራው ከዚህ ደብዳቤ በኋላ «አድሬናሊን አደገኛ ነው፣ አንንካው» እንዳትሉ ነው። በትክክለኛው መጠን ጭን ላይ ሲወጋ ለአረጋዊም ቢሆን ሕይወት አዳኝ ነው፤ እሱን ማዘግየት ነው የሚገድለው። ስለዚህ መርፌ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ፣ ሳይቆለፍ፣ ከነሲሪንጁ ይቀመጥ። መስኮት ላይ ግን አይሁን፣ ብርሃን ያበላሸዋል፤ ቀለሙ ወደ ሮዝ ወይም ቡናማ የተለወጠ አምፑል መጣል አለበት። መጠኑና የሚወጋበት ቦታ በአማርኛ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ የሕፃናት መጠን በኪሎ ስለሚሰላ እሱም አይቅር።

ካርዷ ላይ ያለው «ሪአክሽን፣ ታክማለች» የሚል ብቻ ነው። የትኛው መድኃኒት እንዳስነሳባት፣ ምን ያህል አድሬናሊን፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጣት ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። ነገ ሌላ ቦታ ስትታከም ሐኪሙ ሴፍትሪያክሶን እንዳያዝላት ይህ ወረቀት በእጇ መኖር አለበት። መልሳችሁን በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ ልጅ

ግልባጭ፦ ለሐዋሳ ከተማ ጤና መምሪያ