ለትርንጎ፤ ከታላዴጋ መልስ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ ለትርንጎ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እናትሽስ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት አኩርፌሽ ወይም ረስቼሽ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልንገርሽ። መጨረሻ በስልክ ስናወራ ከበስተኋላሽ የተኩስ ድምፅ ሰምቼ ደንግጬ ስጠይቅሽ፣ አንቺ «ከሩቅ ነው፣ አትስጊ» ብለሽ ወሬሽን ቀጠልሽ። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ለልምምድ የሚሆነኝን አንድ ሺህ ጥይት ገዝቼ ጓዳ አስቀምጬ ስለነበር፣ አንቺ የምትሸሺውን ድምፅ እኔ በገንዘቤ እንደምገዛው ለመናገር አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓመታቱ ነጎዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አትላንታ የሽጉጥ ተኩስ ስፖርት ተወዳዳሪ ሆኛለሁ፤ ባለፈው ጥቅምትም ለመጀመሪያ ጊዜ በብሔራዊው ሻምፒዮና ተካፍዬ ተመልሻለሁ። ውድድሩ የተካሄደው ከእኛ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቀው በአላባማዋ ታላዴጋ ነበር። ይህ ስፖርት በኦሊምፒክ እንደምናየው በአንድ ቦታ ቆሞ፣ ትንፋሽን ውጦ አንዲትን ክብ ማነጣጠር አይደለም። የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1976 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሚዙሪ ውስጥ ኮሎምቢያ በተባለች ከተማ ሲመሠረት መሪ ቃሉ ያደረጋቸው ሦስት ነገሮች ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት ናቸው። ተኳሹ እየሮጠ፣ በግድግዳ ጥግ አጮልቆ፣ ተንበርክኮ፣ ካዝና ማለትም የሽጉጡን ጥይት መያዣ እየቀየረ ይተኩሳል፤ ያገኘው ነጥብም ለፈጀበት ሰከንድ ይካፈላል። የቸኮለ ይስታል፤ እጅግ የተጠነቀቀም ሰዓቱ ይቀጣዋል። ኃይሉ እንኳ በግምት አይታለፍም፤ የጥይቱ ክብደትና ፍጥነት በመሣሪያ ተለክቶ፣ ተባዝቶና ለሺህ ተካፍሎ ከ125 በታች ከሆነ ተወዳዳሪው ቢተኩስም ነጥብ አይያዝለትም። የእኔ ባለ 147 ግሬን (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ጥይት በሰከንድ 900 ጫማ ሲበር 132 ስለሚመጣ በዚያ በኩል ሥጋት አልነበረኝም።

አባቴ ምንሽሩን በዘይት ጨርቅ ሲወለውል እኔና አንቺ ከደጃፉ ቁጭ ብለን የምናይበትን ዘመን መቼም አትረሺውም። ታናሽ ወንድሜ ባዶውን ጠመንጃ አንስቶ ወደ እኛ ያዞረ ዕለት አባቴ እንዴት እንደተቆጣ፣ «ባዶም ቢሆን አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም» እያለ እንዴት እንደገረፈው፣ አንቺም ከእኔ ብሰሽ እንዴት እንዳለቀስሽ ትዝ ይልሻል። እዚህ ይህ የአባቴ ቃል የጨዋታው ሕግ ሆኖ አገኘሁት። ዳኛው ካላዘዘ በቀር ሽጉጥ አይጎርስም፤ አፈሙዙ ከትከሻ ትይዩ ካለው መስመር ወደ ኋላ ጥቂት ካለፈ፣ ወይም ሽጉጡ ከእጅ ከወደቀ ተወዳዳሪው ከዚያ ዙር ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው ውድድር ይሰናበታል። በመጀመሪያው ቀን ከቡድናችን አንድ ወጣት ወደ ግራ እየሮጠ ካዝና ሲቀይር አፈሙዙ አለፈበት። ዳኛው «አቁም» አለው፤ ልጁም ሳይከራከር ሽጉጡን አራግፎ፣ የዳኛውን እጅ ጨብጦ ወጣ። ዓመት ሙሉ ተለማምዶ የመጣ ልጅ ነበርና ሆዴ ባባ፤ ሕጉን ግን ከልቤ እወደዋለሁ።

ከሁሉ አብልጬ ልነግርሽ የምፈልገው የሁለተኛውን ቀን ነው። አሥራ ስድስት የካርቶን ዒላማዎች በአጥርና በበርሜል መሀል ተበታትነው ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጥይት ይፈልጋሉ። ከመተኮስ በፊት አምስት ደቂቃ በባዶ እጅ እየተመላለሱ ማጥናት ይፈቀዳል። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሽጉጥ እንደያዘ እጁን ዘርግቶ፣ በከንፈሩ እየቆጠረ ወዲያና ወዲህ ሲል ብታዪ፣ ድምፅ የሌለው ወረብ የሚወርቡ ደብተራዎች ይመስሉሻል። እኔም ቆጥሬ፣ እርምጃዬን ልክቼ ጨረስኩ። ተራዬ ደረሰና ዳኛው «ተዘጋጂ» አለኝ፤ ሽጉጤን አጉርሼ ወገቤ ላይ ወዳለው ማኅደሩ መለስኩት። «ዝግጁ ነሽ?»፣ «ጠብቂ»፣ ከዚያም የሰዓቱ ጩኸት። ሦስተኛው ቦታ ላይ አንድ ጥይት ሳትኩና ሌላ ጨመርኩ፤ በዚያች ቅጽበት የልቤ ቆጠራ ተሰበረ፤ ከበርሜሉ ጀርባ ግማሽ አካሏ ብቻ የሚታየውን ዒላማ ሳልተኩስባት አልፌ ሮጥኩ።

ስጨርስ ምንም አልጠረጠርኩም። ዳኛው ከዒላማ ወደ ዒላማ እየሄደ ሲቆጥር እኔም ተከተልኩት። በርሜሉ ጋ ስንደርስ በዚያች ካርቶን ላይ ከእኔ በፊት የተኮሱት ሰዎች ቀዳዳ የተሸፈነባቸው ቡናማ ልጣፎች እንጂ አንዲትም አዲስ ቀዳዳ አልነበረባትም። አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ። 138 ነጥብ አግኝቼ ነበር፤ በዚያች ዒላማ ላይ ላጎደልኳቸው ሁለት ጥይቶች ሃያ፣ ዒላማዋን ጨርሶ ባለመተኮሴ ደግሞ አሥር ተቀንሶ 108 ቀረ፤ ለ27 ሰከንድ ሲካፈል አራት። ያቺን ዒላማ በአንድ ሰከንድ ብቻ በደንብ መትቻት ቢሆን አሥር ነጥብ ተጨምሮልኝ 148 ለ28 ተካፍሎ 5.29 ይሆንልኝ ነበር። ማታ በማረፊያዬ ይህንኑ ሒሳብ ስደጋግመው አመሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት በቡድናችን ያሉ ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ አዛውንት የልጣፍ ጥቅልል ሰጡኝና ከእሳቸው ጋር የዒላማ ቀዳዳ እንድሸፍን ጠየቁኝ። እዚያ ሁሉም ለሁሉም ይለጥፋል፤ ዛሬ የሚበልጥሽ ሰው ነገ ያንቺን ቀዳዳ ሲሸፍን ታገኚዋለሽ። የሌላውን ሰው ቀዳዳ አንድ በአንድ ስሸፍን ጣቶቼ መንቀጥቀጣቸውን ተዉ፤ የቀረውንም ያለ አንዳች ስሕተት ጨረስኩ። በመጨረሻው ዝርዝር ስሜ ከግማሽ በታች ነው። ወንድ ሴት ሳይባል ሁሉም በአንድ ዒላማ ላይ ተኩሶ በአንድ ዝርዝር ስለሚቀመጥ፣ በዚያ ቦታዬ አላፍርም። ለሚቀጥለው ዓመት በየማታው ያለ ጥይት፣ ግድግዳ ላይ በለጠፍኳቸው ትናንሽ ዒላማዎች እየተለማመድኩ ነው።

ትርንጎዬ፣ ይህን ወሬ እንዴት እንደሰማሽው ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ቅር ካለሽም ቅር ብሎኛል በይኝ፤ ከዝምታሽ እሱ ይሻለኛል። በመንደራችን በኩልስ አሁን ሌሊቱ እንዴት ነው?

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ፣
ሙሉ