ዘፈኑ ሳያልቅ የሚሰጥ ፍርድ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፉት ዓመታት አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር የማስተውለው አንድ ነገር አለ። ሥራው እኩለ ሌሊት ላይ በዩቲዩብ ይለቀቃል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው «የዓመቱ ምርጥ አልበም» የሚል አስተያየት ከሥሩ ይሰፍራል፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላው «ይሄ ልጅ አለቀለት፣ የድሮው ይሻለው ነበር» ብሎ ይጽፋል። አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመስማት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። አድናቂውም ነቃፊውም የጻፉት ስለ ድምፃዊው ቀድሞ የነበራቸውን ስሜት እንጂ ስለ ሰሙት ሥራ አይደለም፤ ገና አልሰሙትማ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንዲህ ያለው ልማድ በሙዚቃችን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ የናንተን የጋዜጠኞቹንም ድርሻ ጨምሬ፣ ለማንሣት ነው።

ጉዳዩ እኔን የሚነካኝ በአሮጌ ሙያዬ ሰበብ ነው። በ1980ዎቹ መርካቶ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ካሴት እሸጥ ነበር። ደንበኛው ዝም ብሎ ብሩን ከፍሎ አይሄድም። «እስቲ ገልብጠውና ሦስተኛውን አሰማኝ» ይላል፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያዳምጣል፤ አንዳንዱ ከሰማ በኋላ «ድምፁ ግሩም ነው፣ ዜማው ግን ካምናው ካሴት የተገለበጠ ነው» ብሎ ሳይገዛ ይወጣል። ሽፋኑን የሚያነበውም ብዙ ነበር። ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ ዜማውን ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረውና የትኛው ባንድ እንዳጀበው ሳያይ የማይገዛ ሰው ነበረን፤ ሮሃ ባንድ መሆኑን ብቻ አይቶ የሚገዛ፣ ኢትዮ ስታርስ ካልሆነ ደግሞ እጁን የማይዘረጋም ነበር። ክርክሩ ሁልጊዜ ጨዋ ነበር አልልም፤ በሁለት ድምፃውያን ምክንያት ተኳርፈው የቀሩ ጓደኛሞችን አውቃለሁ። ሆኖም የሚከራከሩበት ነገር እዚያው በመካከላቸው እየተሰማ ነበርና ቴፑን መልሶ «ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ስማው» ማለት ይቻል ነበር።

አድማጭ ቃሉን ፊት ለፊት ለሙዚቀኛው የሚሰጥበት ሥርዓት ደግሞ ከካሴቱም እጅግ የቀደመ ነው። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ ስንኝ በዜማ ይደግመዋል። ስንኙ ሙገሳ ሊሆን ይችላል፤ ነቀፌታም ሊሆን ይችላል፤ ስለ ራሱ የተሰነዘረውን ነቀፌታ አዝማሪው በገዛ አፉ ይዘፍነዋል ማለት ነው። ነገር ግን ነቃፊው ቤት የሚመታ ስንኝ ማዘጋጀት፣ ወርቁን በሰም መሸፈን፣ ይህንንም ሁሉ ታዳሚው ፊቱን እያየው ማድረግ ነበረበት። ስንኙ ከተሰበረበት የሚሳቀው በራሱ ነው፤ ከሰመረለት ደግሞ ከአዝማሪው አጸፋውን በስንኝ መጠበቅ አለበት። ዘመኑን ላሳምረው አልፈልግም፤ ለሽልማት ብሎ የማይገባውን የሚያሞግስ አዝማሪ፣ በመጠጥ ኃይል የሚባልግ እንግዳ ያኔም ሞልቶ ነበር። ቢያንስ ግን ስድብ እንኳ ሙያ ይጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት እፈራለሁ። ሁሉም አድማጭ የቅኝት ሊቅ ሆኖ ይጻፍ ማለቴ አይደለም። ብዙዎች የሚያፌዙበት «በ2017 የምትሰሙ ላይክ አድርጉ» የሚለው አስተያየት እኔን አያስከፋኝም፤ ሰዉ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን እየሰማ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ በሩን ማንኳኳቱ ነው። ከሪያድ፣ ከቤይሩት ወይም ከዱባይ ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ «ይህን ዘፈን ስሰማ የእናቴ ቡና ሸተተኝ» ብላ የምትጽፍ እህት ደግሞ ስለ ትዝታ ቅኝት አንድም ቃል ሳትናገር የቅኝቱን ሥራ ከብዙ ጋዜጠኛ አብልጣ ገልጻዋለች። እሷ ሰምታለች። እኔ መለኪያ የማደርገው ዕውቀትን ሳይሆን ይህንን መስማት ነው።

መስማት እንደቀረ በግልጽ የሚታየው በድሮዎቹ ሥራዎች ሥር ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ርእስ የአዲስ አበባን የ1960ዎቹ ሙዚቃ እንደገና አሳትሞ ለዓለም አሰራጨ፤ ከሲዲዎቹ ጋርም ስለ ሙዚቀኞቹ፣ ስለ ባንዶቹና ስለ አሳታሚዎቹ የሚናገር ሰፊ ጽሑፍ አያይዞ አወጣ። የዚያ ፍሬ ዛሬ ይታያል። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን በሚሰማበት ቪዲዮ ሥር አማርኛ የማያውቅ አውሮፓዊ፣ ሰውየው በጦር ሜዳ የሚሰማውን ሽለላና ፉከራ ወደ ሳክስፎን እንዴት እንዳመጣው፣ በኋላም በስተርጅና ዘመኑ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር እንዴት እንደተጫወተ ይተነትናል። ከዚያው ሥር በራሳችን ቋንቋ የተጻፈውን ስፈልግ የማገኘው ግን የዘፋኙ ወይም የተጫዋቹ ትውልድ ከየት እንደሆነ የሚካሄድ ጠብ ነው። ሽለላው የማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚል የሚጠይቅ ጠፋ። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ አጫዋወቱ በአማርኛ የተጻፈ ቁም ነገር ባገኝ ብዬ ሳስስ ያመሸሁትን ምሽት አልረሳውም።

ኃይሉ መርጊያም እንዲሁ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ይህ ሰው አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲያሽከረክር ዓመታት አለፉ። በ1977 ዓ.ም. ገደማ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የቀዳው ካሴት በ2005 ዓ.ም. በውጭ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ ነበር ዓለም ዞሮ ያየው። የኛ አስተያየት ሰጪዎች በታክሲው ላይ ብዙ ጽፈዋል፤ ገሚሱ አዝኖ፣ ገሚሱ አላግጦ። በአኮርዲዮኑ ላይ የጻፈ ግን በጣም ጥቂት ነው።

የሴት ድምፃውያን ነገር ከዚህም ይብሳል፤ በዝርዝር ማንሣቱ ራሱ ስለሚያሳፍረኝ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ስለ ልብሷ፣ ስለ ውፍረቷ፣ ስለ ትዳሯና ስለ ዕድሜዋ ከተጻፈው መቶ አስተያየት ውስጥ ስለ ድምፅዋ የተጻፈውን ነቅሶ ማውጣት ከስንዴ መካከል እንክርዳድን እንደመልቀም ሳይሆን ከእንክርዳድ መካከል ስንዴ እንደመፈለግ ሆኗል። በሕይወት ያለን አንጋፋ ድምፃዊ «ነፍስ ይማር» ብሎ መጻፍም እንደ ቀልድ ተለምዷል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለከፋው ክፍል ይሠራ ይሆናል፤ ለለዛ ቢስነት ግን ሕግ ይውጣ ብዬ አልጠይቅም፤ እንዲህ ያለው ሕግ ከበሽታው የባሰ ይሆናል።

ደግሞም መልካሙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በአንድ አሮጌ ቀረጻ ሥር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ዜማው አምባሰል ነው ወይስ አንቺሆዬ በሚል ሲነጋገሩ አንብቤያለሁ። ሁለቱ ቅኝቶች የመጀመሪያ ሦስት ድምፆቻቸው አንድ ሆነው አራተኛውና አምስተኛው ላይ ስለሚለያዩ፣ ዘፈኑ መግቢያው ላይ ብቻ ከተሰማ መሳሳት አይቸግርም። አንደኛው «እስከ አዝማቹ ታገሥና አራተኛዋን ድምፅ ስማት» ብሎ ደቂቃውን ጠቁሞ ጻፈለት፤ ሌላው ሰምቶ መጣና «አምባሰል ኖሯል፣ ተሳስቻለሁ» አለ። መሳደብ የለ፣ ማላገጥ የለ። ለእኔ ያ ንግግር መርካቶ ባንኮኒው ላይ ቴፑን መልሰን እንደምንሰማው ነበር። አሳዛኙ ነገር ይህን የመሰለው አስተያየት ሁለት «ላይክ» ይዞ ታች ተቀብሮ መገኘቱ ነው፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ስድቡ ነው፤ መድረኮቹ ምላሽ የበዛበትን ወደ ላይ ያወጣሉና፣ ስድብን የሚያህል ደግሞ ምላሽ የሚያበዛ የለም።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል፤ ስለ ሙዚቃ የምንነጋገርበትን ቃል የሚያስተምረን በቅድሚያ ጋዜጣው ነውና። ስለ አንድ አዲስ ሥራ የምታወጡት ዜና አብዛኛውን ጊዜ «በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ሚሊዮን ተመልካች አገኘ» በሚል ይጀምራል፤ በዚያው ያልቃል። ስንት ሰው እንዳየው እንጂ ምን እንደሰማ አይነገርም። አንባቢውም ይህንኑ ተምሮ ቁጥር ያወዳድራል፤ የአንዱ ደጋፊ በሌላው ቁጥር ይሳለቃል። የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ተጫዋቾቹ በዜናው ውስጥ የሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለው ከደነገገ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የካሴቱ ሽፋን ከጠፋ ወዲህ ግን አድማጩ ያንን ስም የሚያይበት ቦታ እየጠበበ መጥቷል። ኤልያስ መልካ በ2012 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ የወደድናቸው ስንትና ስንት ዘፈኖች በእሱ እጅ የተቀናበሩ መሆናቸውን ያኔ ገና ያወቁ ወዳጆች አሉኝ፤ ሙዚቃ የሚወዱ፣ ሲዘፈን አብረው የሚዘፍኑ ሰዎች ናቸው። ማንም አልነገራቸውም። አቀናባሪ መኖሩን የማያውቅ አድማጭ ስለ ቅንብር አስተያየት እንዲሰጥ እንዴት እንጠብቃለን? የሚያውቀው ፊቱን ያየውን ዘፋኝ ብቻ ስለሆነ በፊቱ፣ በዘሩና በትዳሩ ላይ ይጽፋል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሦስት ቀላል ነገሮች ብቻ ናቸው። ስለ አልበም የምታወጡት ዜና ሁሉ ከተመልካች ቁጥር በፊት የግጥምና የዜማ ደራሲዎችን፣ የአቀናባሪውንና የተጫዋቾቹን ስም ይያዝ። ሥራው በወጣ በሳምንቱ፣ ከዚያ ሳይቀድም፣ አልበሙን በሙሉ የሰማ ሰው የጻፈው አንድ ገጽ ሒስ ይውጣ፤ ሐያሲው ቢሳሳት ግድ የለም፣ የምንከራከርበት ነገር ይሰጠናል። ከአንባቢዎች አስተያየትም ስለ ሥራው የሚናገሩትን ሁለት ወይም ሦስት መርጣችሁ በሚቀጥለው እትም ከጸሐፊዎቹ ስም ጋር አትሙ። የድሮ ጋዜጦች የአንባቢን ደብዳቤ መርጠው ያወጡ ነበርና አዲስ ነገር አላመጣሁም፤ ሰው ግን ቃሉ ሊታተም እንደሚችል ካወቀ ብዕሩን ሲያነሣ ትንሽ ያስባል።

አንድ ሐሳብ ከራሴ ልጨምር። በሚቀጥለው የአልበም ዜናችሁ የአቀናባሪውን ስም ካገኘሁት፣ ስለ ቅንብሩ የመጀመሪያውን አስተያየት እኔው እልክላችኋለሁ፤ ትንሽ ቢዘገይ ግን ታገሡኝ፣ ሁለት ጊዜ ሰምቼው ነው የምጽፈው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ካሴት ሻጭ፣ ከአዲስ አበባ