ጆ ጃክሰን «ነጻ» አልወጣም

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፤

ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ጆ ጃክሰን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በአማርኛ ስለዚህ ሰው መጻፉ በራሱ ደስ ብሎኛል። ርእሱ ላይ «ከ104 ዓመት በኋላ ነጻ ወጣ» መባሉ ግን ስሕተት ነው። ቡድኑ በቁማርተኞች ገንዘብ ሆን ብሎ እንዲሸነፍ ተባብሯል ተብሎ ተከሶ፣ ፍርድ ቤትማ በኦገስት 1921 ነጻ ብሎት ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በማግስቱ ነው የቤዝቦሉ የበላይ አስተዳዳሪ (ኮሚሽነር) ዳኛ ላንዲስ እሱንና የቡድን ጓደኞቹን ዕድሜ ልክ ያገዷቸው። የዛሬው ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ በሜይ 13 ቀን 2025 ያደረጉት ደግሞ «እገዳ ከሞት አያልፍም» ብለው የሟቾቹን ስም ከዝርዝሩ ማንሳት ነው። ጥፋት የለበትም አላሉም።

በዚህ ቢያበቃ ብዕር ባላነሳሁ። ጽሑፉ ጃክሰን «ቃሉን ሰጥቶ፣ ፈርሞ» ተባረረ ብሎ አልፎታል። ሰውየው ግን ፊደል አልቆጠረም። ስሙን ብቻ እንደ ሥዕል ይስል ነበር።

ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ወረቀት ፈትተው «አንብብልኝ» አሉኝ። ለዘመዳቸው ልጅ ዋስ የሆኑ መስሏቸው አሻራቸውን ያሳረፉበት ወረቀት የቤታቸው ሽያጭ ውል ነበር። አንብቤ ስጨርስ አውራ ጣታቸውን ገልብጠው እያዩ ዝም አሉ። ሰማያዊው ቀለም ከጥፍራቸው ሥር ገና አልለቀቀም ነበር። የጃክሰንን ታሪክ ሳነብ የሚታየኝ ያ ጣት ነው።

ጃክሰን በሳውዝ ካሮላይና፣ ግሪንቪል፣ ብራንደን በሚባለው የጥጥ ፋብሪካ ገና በሕፃንነቱ ሥራ የገባ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል አላየም። በ13 ዓመቱ ከትልልቆቹ ጋር ለፋብሪካው ቡድን ይጫወት ነበር። «ባዶ እግሩ» የሚለው ቅጽልም ከዚያው አካባቢ የመጣ ነው፤ አዲስ ጫማ እግሩን ልጦት በካልሲ ገብቶ ሲጫወት ነው ከተመልካች የተሰደበው። አውትፊልደር ነበር፤ ሜዳው ጥግ ቆሞ የራቀችውን ኳስ የሚያሳድድ ማለት ነው። ሲመታ ግን ወደር አልነበረውም። በ1911 ለክሊቭላንድ በተጫወተበት የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ በአማካይ ከ1,000 የምት ዕድል 408ቱን አሳክቷል። በሙሉ ዘመኑ 356 ነው። ዝነኛው መቺ ቤብ ሩት እንኳ አመታቱን ከእሱ እንደቀዳ ተናግሯል። ይህ ሰው ሬስቶራንት ሲገባ ግን የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ ስለማይችል ጓደኞቹ ሲያዝዙ ሰምቶ «ለእኔም እንደሱ» ይል ነበር ይባላል።

የ1919ኙን ጥፋት አልሸፍንም። ያኔ የሚጫወትበት ቺካጎ ዋይት ሶክስ በወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ) ሆን ብሎ በሲንሲናቲ እንዲሸነፍ ከቁማርተኞች በመጣው ገንዘብ 5,000 ዶላር ደርሶታል። በዚያ ውድድር 12 ጊዜ መምታቱና አንድም ኳስ ባለመሳቱ ብዙዎች ይከራከሩለታል፤ ገንዘቡን መቀበሉን ግን አያጠፋውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። በ1920 መጀመሪያ የክለቡ ጸሐፊ ሃሪ ግራቢነር ሳቫና ድረስ ሄዶ የሦስት ዓመት ውል አስፈረመው፤ በዓመት 8,000 ዶላር። ጃክሰን እንደሚለው፣ ክለቡ በ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ማባረር የሚችልበት አንቀጽ ወጥቷል ተብሎ በቃል ተነግሮታል፣ ሚስቱ ኬቲም ሳታነበው ፈርሟል። አንቀጹ አልወጣም ነበር። በኋላ የተባረረው በዚያው አንቀጽ ነው። በሴፕቴምበር 1920 ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስኑት የሕዝብ ዳኞች (ግራንድ ጁሪ) ፊት ሲቀርብም ያማከረው የክለቡ ጠበቃ ነው፤ የራሱ ጠበቃ አልነበረውም። ቃሉ በራሱ ላይ እንዳይውል የሚጠብቀውን መብት የሚያስቀርበትን ወረቀትም ፈርሟል።

ይህ እኔ የፈጠርኩት ክርክር አይደለም። በ1924 ሚልዋኪ ላይ ቀሪ ደመወዙን ጠይቆ ክለቡን ከሶ ነበር፤ የሕዝብ ዳኞቹም ፈረዱለት። ዳኛው ግን በ1920 ከሰጠው ቃል ጋር የሚጋጭ ምስክርነት በመስጠቱ በሐሰት መስክሯል ብለው ፍርዱን ሻሩት። ገንዘቡን በተመለከተ ዋሽቶ ሊሆን ይችላል። ስለ ውሉ ግን ያመኑት እንደ እሱ ያሉ ተራ ሰዎች ናቸው። ይህን ክስ ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር እንኳ አላነሳውም።

ርእሱን በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ። ታላላቅ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ኮሚቴ በዲሴምበር 2027 ሲሰበሰብ የጃክሰን ስም ሊቀርብ ይችላልና መልሳችሁ ትጽፉበት ይሆናል። ያን ጊዜ ኬቲንም አስገቧት። ደብዳቤ የምታነብለትም የምትጽፍለትም እሷ ነበረች።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ