አለቱ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ ወይስ በድንገት?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የተሰነጠቀ አለት ቀስ እያለ ተንሸራትቶ ይሁን በመሬት መንቀጥቀጥ በአንዴ ተስቦ በምን እንደሚለይ ጠይቀውኝ ነበር። የሚለየው በስንጥቁ መሃል በተኛው ብናኝ ነው። ሁለቱ ወገኖች ሲፋጩ ድንጋዩ ይደቅቃል፤ እንዳልተነፋ እህል ሽርክቱም ዱቄቱም አብሮ ይገኛል። ትንሹ ቅንጣት ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ ነው።

ብናኙ የሚመረመረው ድንጋዩ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ነው፤ ብዙ ናሙና ግን የሚበላሸው ገና ማይክሮስኮፕ ሥር ሳይገባ ነው። ድንጋዩ ከቦታው ሳይነሳ አቅጣጫውና ያጋደለበት ማዕዘን በኮምፓስ ተለክቶ ላዩ ላይ ይጻፋል። የሚቆረጠውም ለስንጥቁ ገጽ ቀጥ ብሎ፣ ገጹ ላይ ያለውን የጭረት መስመር ተከትሎ ነው፤ አለዚያ የትኛው ወገን ወዴት እንደሄደ አይታይም። ብናኙ እንዳይረግፍ አየሩ በፓምፕ እየተሳበ ድንጋዩ ኢፖክሲ የተባለ የሚደርቅ ሙጫ ይጠጣል። አየር ውስጡ ከቀረ አረፋው የድንጋዩ ቀዳዳ መስሎ ያሳስታል። ሸክላ ያለበትን ደግሞ ውሃ ማስነካት አይገባም፤ ያብጥና ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ያም ስንጥቅ የተፈጥሮ ይመስላል። ስለዚህ በዘይት ይቆረጣል። መስታወት ላይ ተለጥፎም 30 ማይክሮን እስኪሳሳ ይፈጋል። መለኪያው ድንጋዩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ነው፤ በሁለት ተቃራኒ የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ግራጫ ወይም ነጭ ከሆነ ደርሷል፣ ወደ ቢጫ ካደላ ገና ወፍራም ነው።

በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ መንሸራተቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሙቀቱ ድንጋዩን ሊያቀልጠው ይችላል። ቅልጡ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ጥቁር፣ መስታወት መሰል ቀጭን ሥር ሆኖ ይቀራል፤ ፕሱዶታኪላይት ይሉታል። ማይካ የተባለው ማዕድን ቀድሞ ይቀልጣል፤ ኳርትዝ ግን ጠርዙ ተድቦልቡሎ ይተርፋል። የጠቆረ ሁሉ ቅልጥ አይደለም፤ እጅግ የደቀቀ ብናኝም ይጠቁራል። ከቅልጡ የበቀሉ መርፌ መሰል፣ ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ክሪስታሎች ካልታዩ እኔ በበኩሌ ቀልጧል ብዬ አልፈርድም።

ቀስ ብሎ ለሚሄደው ጥሩ ምሳሌ ካሊፎርኒያ፣ ፓርክፊልድ አጠገብ ያለው የሳን አንድርያስ ስንጥቅ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ የወጣው ብናኝ ሳፖናይት በተባለ እጅግ አንሸራታች ሸክላ የተሞላ ነው። እዚያ ስንጥቁ ብዙ ጉልበት ሳያጠራቅም ዘወትር ይንሸራተታል።

የቀጫጭኖቹን ቁራጮች ፎቶ በሚቀጥለው ደብዳቤ እልክልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ